ዛፍ ሳይበቃ ሲቀር፦ የተዳቀሉ ዝርያዎችን ታሪክ በመረብ መሥራት

የአፍሪካ ወርቃማ ተኩላ ለረጅም ጊዜ ቀበሮ ተብሎ ሲቆጠር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጂኖም ጥናት ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ለይቶ ወደ ግራጫ ተኩላ አስጠጋው። በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 72 ከመቶው ከግራጫ ተኩላ፣ 28 ከመቶው ከእኛው ቀይ ቀበሮ ወገን የመጣ ድቅል ነው አለ። እንዲህ ያለውን እንስሳ ቅርንጫፉ ብቻ በሚለያይ፣ መልሶ በማይገናኝ የዘር ሐረግ ዛፍ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፤ መረብ ይፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ይህን ተኩላ እንደ ምሳሌ ይዞ ይሄዳል።

በቅድሚያ ጥያቄዎ መረብ የሚሻ መሆኑን ይለዩ። በባሌ ተራሮች ዌብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮ ከቤት ውሻ ጋር መዳቀሉ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ያ የጥቂት ትውልድ ጉዳይ ስለሆነ የእያንዳንዱን እንስሳ የዘር ድርሻ የሚያሰላ እንደ አድሚክስቸር ያለ ፕሮግራም ይበቃዋል። መረብ የሚያስፈልገው መዳቀሉ ጥንታዊ ሆኖ የዝርያዎቹ ታሪክ አካል ሲሆን ነው።

ናሙና ሲመርጡ ወላጅ ናቸው ብለው የጠረጠሯቸውን ሁለቱንም ወገኖች ያስገቡ። ቀይ ቀበሮን ቢተዉት መረቡን የሚሠራው ፕሮግራም ስህተት ነው ብሎ አይቆምም፤ የቀረውን ቅርብ ዘመድ ወላጅ አድርጎ ያቀርብልዎታል። ከቡድኑ ውጭ ያለ የሩቅ ዘመድም ያስፈልጋል፤ ለዚህ ጀርባው ጥቁር የሆነው ቀበሮ ይሆናል።

ቀጥሎ ከጂኖሙ እርስ በርስ የተራራቁ ብዙ ቁርጥራጮች ይውሰዱ፤ በመቶዎች ቢሆኑ ይመረጣል። ረጃጅም አይሁኑ፤ በረጅም ቁራጭ ውስጥ የተለያየ ታሪክ ያላቸው ክፍሎች ይቀላቀላሉ። በማይቶኮንድሪያ ብቻ መተማመን አያዋጣም፣ የእናትን መስመር እንጂ የአባትን አያሳይምና። ቅደም ተከተሎቹን ማፍት በተባለው ፕሮግራም አሰልፈው ለእያንዳንዱ ቁራጭ በአይኪው-ትሪ የጂን ዛፍ ይሥሩ፤ ከዚያ አስትራል ከጂን ዛፎቹ አንድ የዝርያ ዛፍ ያወጣል።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስፕሊትስትሪ በተባለው ሶፍትዌር የኔበርኔት ሥዕል አውጥቶ፣ ሳጥን ሳጥኑን አይቶ «መዳቀል አገኘሁ» ይላል። ያ ሥዕል የሚያሳየው መረጃው እርስ በርሱ አለመስማማቱን ብቻ ነው፤ ማን ከማን እንደተዳቀለ አይናገርም። ለቅኝት ጥሩ ነው፣ ለድምዳሜ ግን አይሆንም።

የጂን ዛፎች ያለ ምንም መዳቀልም ሊጋጩ ይችላሉ። ዝርያዎች በፍጥነት ተከታትለው ከተለያዩ በጥንቱ ሕዝብ ውስጥ የነበረው የዘረመል ልዩነት ሳይጠራ ወደ ልጆቹ ይወርዳል። ይህን ከመዳቀል መለየት የሥራው እምብርት ነው። አራት አራት ዝርያ እየወሰዱ፣ ሊኖሩ የሚችሉት ሦስት የአቀማመጥ ዓይነቶች እያንዳንዳቸው በስንት የጂን ዛፍ እንደተደገፉ ይቁጠሩ። ከ1000 ዛፍ 600፣ 200 እና 200 ቢመጣ የወረደ ልዩነት ብቻውን ያስረዳዋል፤ ሁለቱ አናሳዎች እኩል ናቸውና። 600፣ 300 እና 100 ከሆነ ግን አንዱ አናሳ የተጋነነበት ምክንያት ሊኖር ይገባል። የአባ-ባባ ፈተናም በዚሁ ሐሳብ ይሠራል፦ ወርቃማው ተኩላ ከቀይ ቀበሮ ጋር ብቻ የሚጋራቸው አዳዲስ ለውጦች፣ ግራጫው ከቀይ ቀበሮ ጋር ብቻ ከሚጋራቸው በግልጽ ከበዙ ጂን ተሻግሯል ማለት ነው። ፈተናው አቅጣጫውን አይነግርዎትም። ከማያውቁት፣ ከጠፋ ዘመድ የመጣ ጂንም ተመሳሳይ ምልክት ሊሰጥ ይችላል።

ዛፉ ካልበቃ መረቡን በስናክ ይሥሩ፤ በጁሊያ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። የአራት አራቱን ቆጠራና የአስትራልን ዛፍ ይስጡት። መጀመሪያ ያለ መዳቀል፣ ከዚያ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት የመዳቀል ቀስት ያስኬዱት፤ እያንዳንዱን ከተለያየ መነሻ ደጋግመው። ቀስት በጨመሩ ቁጥር ውጤቱ መሻሻሉ አይቀርም፣ ስለዚህ መሻሻሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ነጥቦቹን በግራፍ ላይ አስቀምጠው ትልቁ እርምጃ ካለቀበት ላይ ይቁሙ። እኔ አንድ የሚያስተማምን ቀስት ከሦስት አጠራጣሪዎች እመርጣለሁ።

ሥሩን የሩቁን ዘመድ ተጠቅመው ያስቀምጡ። ሥሩ ከቀስቱ አቅጣጫ ጋር ከተጋጨ መረቡ እንደገና መታየት አለበት። ከዚያ ጋማ የተባለውን ቁጥር ያንብቡ፤ ከአናሳው ወላጅ የመጣው ድርሻ ነው፣ በተኩላችን 0.28 አካባቢ። 0.01 ወይም 0.02 ከሆነ ቡትስትራፕ ሠርተው ቀስቱ ተመልሶ መምጣቱን ሳያዩ አይጻፉት። እህትማማች በሆኑ ሁለት ዝርያዎች መካከል ብቻ የተደረገ መዳቀል በዚህ መንገድ እንደማይታይም ልብ ይበሉ።

በቡና ላይ መሥራት የሚሻ ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። አረቢካ የካኔፎራና የዩጂኒዮይድስ ድቅል ሲሆን የሁለቱንም ሙሉ ጂኖም ይዞ 44 ክሮሞዞም አለው፤ ወላጆቹ እያንዳንዳቸው 22 አላቸው። ሁለቱን ንዑስ ጂኖሞች ሳይለዩ ቢያሰልፉ የማንም ያልሆነ ቅልቅል ቅደም ተከተል ያገኛሉ። አስቀድመው ለይተው እንደ ሁለት የተለያዩ ናሙናዎች ያስገቧቸው፤ እያንዳንዱ ከየወላጁ ጎን ሲገባ ሁለቱን አረቢካዎች በአንድ ቋጠሮ አገናኝተው መረቡን ያገኙታል።