መጠቅለያ ላይብረሪ የሚሠራ ሰው የተዋሰውን ስለ ማስታወቁ

ተማሪ ሆይ፤ ጃቫ የሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ለሕዝብ ተገለጠ። በዚህ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ሁሉን ነገር ራሱ አይጽፍም፤ ሌሎች ጽፈው ካዘጋጁት ይዋሳል። ይህም የተዘጋጀ ሥራ ላይብረሪ ይባላል።

መጠቅለያ ላይብረሪ ማለት፥ አንዱን አስቸጋሪ ላይብረሪ በውስጡ ሰውሮ በውጭ ቀላል ትእዛዝ የሚያሳይ ነው። ምሳሌው አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚ የሌላውን ቃል ያቀርባል እንጂ ከራሱ አይናገርም፤ ተናጋሪው ከሌለ እርሱም ዝም ይላል። እንደዚሁም የተጠቀለለው ላይብረሪ ካልተገኘ መጠቅለያው ሥራ የለውም።

ጃር የሚባለው ፋይል እንደ ልማዱ ሲሠራ የጸሐፊውን ሥራ ብቻ ይይዛል፤ የተዋሰው አይገባበትም። ስለዚህ ላይብረሪው ባለበት በጸሐፊው ኮምፒዩተር ደኅና የሠራው፥ ወደ ሌላ ሰው በተላከ ጊዜ ክላሱ አልተገኘም ብሎ ይቆማል። ይህ እንዳይሆን የተዋሱትን ሁሉ በመዝገብ ማስታወቅ ይገባል።

ሜቨን በሚባለው መሣሪያ መዝገቡ ፖም ይባላል። በእርሱም ሦስት ነገር ይጻፋል፤ 1ኛ፥ የአዘጋጁ ወገን ስም፤ 2ኛ፥ የላይብረሪው ስም፤ 3ኛ፥ የእትሙ ቁጥር። ይህ ከተጻፈ ሜቨን ላይብረሪውን፥ ደግሞም ያ ላይብረሪ ራሱ የተዋሰውን፥ ተከታትሎ ያመጣል።

የአጠቃቀሙም ዓይነት መለየት አለበት። ለመፈተሻ ብቻ የሚያስፈልገው «ቴስት» ተብሎ ይመዘገባል፤ ወደ ተጠቃሚውም አይተላለፍም። ግሬድል በሚባለው መሣሪያ ደግሞ፥ የተጠቀለለው ላይብረሪ በመጠቅለያው የውጭ ትእዛዝ ላይ የሚታይ እንደ ሆነ «ኤፒአይ»፥ በውስጥ ተሰውሮ የሚቀር እንደ ሆነ «ኢምፕሊመንቴሽን» ተብሎ ይጻፋል። የሚቻል ሲሆን መሰወሩ ይሻላል፤ ውስጡ ቢለወጥ ተጠቃሚው አይቸገርምና።

የመዝገብ ጥቅም በዲሴምበር 2021 ዓ.ም. በግልጥ ታየ። በዚያን ጊዜ ሎግ ፎር ጄ በሚባለው ላይብረሪ ከባድ የጥበቃ ጉድለት መኖሩ ለሕዝብ ተገለጠ። ብዙዎች ራሳቸው ሳይዋሱት በሌላ ላይብረሪ በኩል ገብቶባቸው ስለ ነበረ፥ እንዳላቸው እንኳ አያውቁም ነበር። የተዋሰውን በመዝገብ የያዘ ሰው ግን ፈጥኖ አግኝቶ እትሙን ለመለወጥ ቻለ፤ ሜቨን የተዋሱትን ሁሉ ከነምንጫቸው በዛፍ አምሳል ዘርዝሮ ያሳያልና።

እንግዲህ የተዋሰውን የሚሰውር ጸሐፊ ጉዳቱን የሚያወርሰው ለማያውቀው ሰው መሆኑን አስተውል።

ጥያቄ።
1ኛ፥ መጠቅለያ ላይብረሪ በአስተርጓሚ የተመሰለው ስለ ምንድር ነው?
2ኛ፥ በፖም የሚጻፉት ሦስቱ ነገሮች ምን ምን ናቸው?
3ኛ፥ «ኤፒአይ» እና «ኢምፕሊመንቴሽን» በምን ይለያያሉ?