አሮጌ ቤትን በትንሽ ካሜራ ማንሳት

ዛሬ ያረጁ ቤቶችን በትንሿ የኪስ ካሜራ እንዴት እንደምናነሳ ላካፍላችሁ።

«አሮጌ ቤት ደግሞ ምን ፎቶ አለው?» የምትሉ አትጠፉም። እስቲ አስቡት፤ እኛ ፒያሳ አካባቢ ያለን ልጆች በ2016 ዓ.ም. ብዙ የቆዩ ቤቶች ሲፈርሱ አይተናል። አንዲት የክፍላችን ልጅ ቤታቸው ፈርሶ ወደ ሌላ ሰፈር ስትሄድ፣ ያደገችበትን በረንዳ የሚያሳይ አንድም ፎቶ አልነበራትም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሆነው ጣይቱ ሆቴልም ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ቤት ሲጎዳ መስኮቱና በሩ ምን ይመስል እንደነበር የሚናገረው ፎቶ ነው። ስለዚህ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ትልቅ ካሜራም አያስፈልግም፤ የክበባችን ትንሿ ካሜራ ትበቃለች።

1ኛ. ሰዓት ምረጡ። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን የጣሪያው ጥላ ግድግዳውን ያጠቁረዋል። ጥሩው ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነው። ለምን መሰላችሁ? ብርሃን ቀጥ ብሎ እንደሚጓዝ በሳይንስ ተምረናል። ከጎን ሲመጣ እያንዳንዱ ስንጥቅ ትንሽ ጥላ ይጥላል። ያን ጊዜ የተላጠው ቀለም፣ ጭድ የወጣበት የጭቃ ምርጊት፣ የእንጨቱ ጅማት ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

2ኛ. ፍላሹን አጥፉ። ፍላሽ ከፊት ለፊት ስለሚመታ ጥላውን ያጠፋዋል፤ ግድግዳው ልሙጥ ይመስላል። ደግሞም ከጥቂት ሜትር በላይ አይደርስም።

3ኛ. በእግራችሁ ቅረቡ። ዙም ሲበዛ አንዳንድ ካሜራ ያነሳውን ምስል መለጠጥ ይጀምራል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። የበር እጀታ ወይም ዝገት ለማንሳት ካሜራው ላይ የአበባ ምልክት ካለ እሱን ተጠቀሙ፤ ለቅርብ ነገር የተሠራ ነው።

4ኛ. እጃችሁ አይንቀጥቀጥ። ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ ለጥፉ፣ ወይም ምሰሶ ተደገፉ። የማንሻውን ቁልፍ መጀመሪያ ግማሽ ድረስ ብቻ ተጫኑ፤ ካሜራው ምስሉን ያጠራል። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ጨርሱት።

5ኛ. ካሜራውን ወደ ላይ አታንጋጡ። ከሥር ሆናችሁ ካነሳችሁ ቤቱ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ራቅ በሉና ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ስትርቁ ግን መኪና መንገድ ላይ እንዳትገቡ!

6ኛ. ሦስት ፎቶ አንሱ፦ ሙሉውን ቤት፣ በሩን ወይም መስኮቱን፣ ከዚያም አንድ ትንሽ ነገር ከቅርብ። በሩ አጠገብ ሰው ቢቆም የቤቱ ትልቅነት ይታወቃል።

ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ ጠይቁ። «እማማ፣ እንደምን አደሩ? የትምህርት ቤት ክበብ ልጆች ነን፤ ቤትዎን ፎቶ ብናነሳ ይፈቅዱልናል?» በሉ። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ ሂዱ። ከፈቀዱ ቤቱ መቼ እንደተሠራ፣ በረንዳው ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቁና ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ቀንና ሰፈር ያልተጻፈበት ፎቶ እኮ ከጥቂት ዓመት በኋላ የማን ቤት እንደሆነ አይታወቅም። ሊፈርስ የተቃረበ ቤት ውስጥ ደግሞ በፍጹም አትግቡ፤ ከውጭ ማንሳት ይበቃል።

የቤት ሥራ፦ በሰፈራችሁ አንድ አሮጌ ግድግዳ ምረጡ። ጠዋት በ2 ሰዓት እና ቀን በ6 ሰዓት ከአንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ ተመልከቱት። ካሜራ የሌላችሁ በእርሳስ ሳሉት። ልዩነቱን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ፤ በሚቀጥለው እትም ይወጣል።