መጀመሪያ አፈሩን

ማሙሽ፣ ዶማውን አስቀምጠው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ከዚያ ጥግ አንድ እፍኝ አፈር አንሳና ጨብጠው፤ አሁን በአውራ ጣትህ ጫን በለው። አየህ፣ አልተፈረፈረም፣ እንደ ሊጥ ተለጠጠ። ይሄ የቨርጂንያ ቀይ ሸክላ አፈር እንዲህ እርጥብ ሳለ ከተቆፈረ ሲደርቅ ይጠጥርና ሥር አያሳልፍም። ዛሬ አይነካም።

ምን ልትተክልበት እንዳሰብክ ደርሶኛል። አልቆጣህም፣ ሕጉን አውቀዋለሁ። ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ እዚህ 21 ዓመት የሞላው ሰው በመኖሪያ ቤቱ ለራሱ ካናቢስ ማብቀል ይችላል። ለአንድ ቤት 4 ተክል ብቻ ነው፣ ከመንገድ እንዳይታይ፣ ልጆች እንዳይደርሱበት፤ እያንዳንዱ ተክል ላይም ስምህና የመታወቂያ ቁጥርህ ይለጠፋል። ግን አንተ የያዝከው ግሪን ካርድ ነው። ዜግነት የሚሰጠው ፌዴራሉ ነው፣ በፌዴራሉ ሕግ ደግሞ ይሄ ተክል ክልክል ነው። የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም ከካናቢስ ጋር የተያያዘ ድርጊት «መልካም ጠባይ» የሚባለውን የዜግነት መስፈርት ሊያሳጣ እንደሚችል ጽፏል። ማንም ባይከስህ፣ በገዛ አፍህ ማመንህ ብቻ ሊበቃ ይችላል። በዜግነት ቃለ መጠይቁ ቀን ስለዚህ ሲጠይቁህ «አዎ» ብትል ጣጣ፣ «የለም» ብትል ውሸት። የገዛ ስምህን ጽፈህ ማስረጃ ጓሮህ ውስጥ አታንጠልጥል! ፓስፖርቱ እጅህ እስኪገባ ቲማቲም፣ ጎመንና በሶብላ ይበቁሃል።

ካናቢስ የሚያበቅሉት ጓደኞችህ ስለ ሕያው አፈር የሚያወሩት ግን እውነት ነው፣ እሱን ተማርላቸው። ተክሉን አትቀልብ፤ አፈሩን ቀልብ፣ የቀረውን አፈሩ ይጨርሰዋል። ባክቴሪያውና ፈንገሱ የወደቀውን ቅጠል ይሰባብሩታል፣ የምድር ትሉ ወደ ታች ይጎትተዋል፣ የቆፈረው ቀዳዳም ውሃና አየር ያስገባል። ማይኮራይዛ የሚባሉ ቀጫጭን የፈንገስ ክሮች ከቲማቲሙ ሥር ጋር ተጣብቀው፣ ሥሩ ከማይደርስበት ቦታ ፎስፈረስ ያመጡለታል፤ እሱ ደግሞ ስኳር ይከፍላቸዋል። የሱቅ ማዳበሪያ ስታበዛበት ተክሉ ፎስፈረሱን በነፃ ያገኝና ከክሮቹ ጋር ያለውን ሽርክና ይቀንሳል። ጎመን ግን ከእነዚህ ክሮች ጋር አይስማማም፣ ባሕርዩ ነው። የማይኮራይዛ ዱቄት የሚሸጥልህ ሰው ለጎመን ይሆናል ካለህ ገንዘብህን ኪስህ ክተት።

አሁን ኦክቶበር ነው፣ ጎረቤቶችህ ቅጠል በከረጢት እያሰሩ ደጅ ያወጣሉ። ጠይቃቸውና ውሰድ፤ ደስ ይላቸዋል። ሣሩን አትንቀለው፣ አጭደውና ካርቶን አንጥፍበት፤ ፕላስተሩን ልጠህ፣ ጠርዙን አደራርበህ፣ በውሃ አርሰህ። በላዩ 10 ሴንቲሜትር ያህል ኮምፖስት አድርግ፣ ከዚያ ቅጠሉን በሣር ማጨጃው ፈጭተህ አልብሰው። ሳይፈጭ ከጣልከው ተለጣጥፎ ውሃ አያሳልፍም። የቡና አተላም ይሆናል፣ እኛ ቤት መቼም አይጠፋም፤ ግን ከቅጠሉ ጋር አደባልቀው እንጂ ለብቻው አታወፍረው፣ ቅርፊት ይሠራል።

የፈረስ ፍግ በነፃ እንስጥህ የሚሉህ አሉ። ተቀበል፣ ግን ወዲያው አትበትነው። ድርቆሹ ላይ የተረጨ አንዳንድ የአረም መድኃኒት በፈረሱ ሆድ አልፎም አይጠፋም፣ ቲማቲም ያጠፋል። በትንሽ ዕቃ ፍጉን ከአፈር ጋር ቀላቅለህ ባቄላ ዝራበት፤ አዲሱ ቅጠል ተጨማድዶና ተጠቅልሎ ከወጣ ፍጉን መልስላቸው።

ኖራም በግምት አትጨምር። የአካባቢያችን አፈር ብዙውን ጊዜ አሲዳማ ነው፣ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ግን የሚነግርህ ምርመራው ነው። ካውንቲው ውስጥ ካለው የቨርጂንያ ኤክስቴንሽን ቢሮ የአፈር ናሙና መላኪያዋን ትንሽ ሣጥን ውሰድና አፈሩን ብላክስበርግ ወዳለው የቨርጂንያ ቴክ ላብራቶሪ ላክ። ቤትህ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ግድግዳው ሥር አትትከል፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ተልጦም አፈሩ ውስጥ ይቀራል። ተራው ምርመራ እርሳስን አያሳይም፣ ለብቻው ነው የሚጠየቀው።

ቲማቲሙን ለሜይ አጋማሽ አቆየው፤ ኤፕሪል ላይ ሙቀቱ ቢያባብልህም ውርጭ ሊመለስ ይችላል። ቅዳሜ ካርቶን ጭኜ እመጣለሁ፣ ፕላስተሩን የምትልጠው አንተ ነህ።