መሰላል ላይ ከመውጣትሽ በፊት

እህቴ፣ «መስኮቱን ከውጭ ጥረጊ»፣ «መጋረጃውን አውርጂ»፣ «ከዛፉ ላይ ቴምር ልቀሚ» ተብለሽ ታውቂያለሽ? ማዳም ስታዝ ቀላል ይመስላል። ግን ከሁለት ሜትር ከፍታ መውደቅም አከርካሪ ሊሰብር፣ ሊገድልም ይችላል። ሥራው ነገ ይደርሳል፤ አንቺ ግን ለልጆችሽም ለወላጆችሽም አንድ ነሽ።

መሰላሉን መጀመሪያ እዪው

• እግሮቹ ሥር ያለው ጎማ አልቋል? ወልቋል? እንዲህ ያለ መሰላል ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል።
• መርገጫው ከተሰነጠቀ፣ ከተጣመመ ወይም በገመድ ከታሰረ አትውጪበት። ለማዳም አሳያት።
• ሳሙና ወይም ዘይት ከነካው ጠርገሽ አድርቂው። የእንጨት መሰላል ፀሐይና ዝናብ ላይ አይደር፤ ይሰነጠቃል።

ስትወጪ

• ታጣፊ መሰላል እስከ መጨረሻው ይከፈት። ጫፉ ላይ አትቁሚ።
• ግድግዳ ላይ የሚደገፍ ከሆነ፣ ለ4 ሜትር ከፍታ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ከታች የሚይዝልሽ ሰው ይኑር።
• ነጠላ ጫማ አውልቀሽ የማያንሸራትት ዝግ ጫማ አድርጊ። ረጅም ቀሚስ ሰብስበሽ እሰሪ።
• ሁልጊዜ ሁለት እግርና አንድ እጅሽ መሰላሉን ይንኩ። ባልዲ ይዘሽ አትውጪ፤ ሰው ያቀብልሽ።
• ወደ ጎን አትንጠራሪ። ወርደሽ መሰላሉን አስጠጊ።
• የአሉሚኒየም መሰላል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ከሽቦ አርቂው።
• ካዞረሽ፣ እንቅልፍ ካጣሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ አትውጪ።

መስኮትና በረንዳ

መስኮት ደፍ ላይ ወይም በረንዳ ብረት ላይ ፈጽሞ አትቁሚ። በረንዳ ላይ መሰላል ካቆምሽ ብረቱ ከእግርሽ በታች ይቀራል፤ የሚያግድሽ ነገር የለም። ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ ጠይቂና ከውስጥ ሆነሽ ጥረጊ።

የቴምር ዛፍ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቴምር የሚወጡ ሰዎች ግንዱንና ወገባቸውን የሚያቅፍ ሰፊ ቀበቶ ይጠቀማሉ፤ «ከር» ወይም «ሐቡል» ይባላል። እነሱ ለዓመታት የተማሩት ሙያ ነው። ገመዱ ላልቶ ወይም ተበልቶ ከሆነ ባለሙያውንም አያድነውም። «ይህን እሰሪና ውጪ» ብትባዪ አትውጪ። የቅርንጫፉ ሥር ያለው እሾህም መገጣጠሚያ ውስጥ ከተሰበረ ያመረቅዛል፤ ሐኪም ያውጣው።

እንዴት እምቢ ትያለሽ?

ሳትጮሂ፣ ሌላ መንገድ እያሳየሽ ንገሪያት። «አና አኻፍ» (እፈራለሁ)፣ «ሐዛ ኸጠር» (ይህ አደገኛ ነው)፣ «አነዚፍ ሚን ጁዋ» (ከውስጥ አጸዳለሁ)። ኩዌት ውስጥ የ2015 የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 አሠሪ ጤናሽን የሚጎዳ አደገኛ ሥራ እንዳያሠራሽ ይከለክላል። የሊባኖስ የሥራ ሕግ ግን የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። ስለዚህ እዚያ ያለሽ እህት፣ የታዘዝሽውን በመልእክት ለምታምኚው ሰው ላኪ፤ ማስረጃ ይሆናል።

ብትወድቂ

አንገትሽን ወይም ጀርባሽን ካመመሽ፣ ወይም እግርሽ ከደነዘዘ፣ አትነሺ፤ ማንም እንዳያነሳሽ። አምቡላንስ ይጠራልሽ፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታርና ባህሬን 999፣ ሊባኖስ 140፣ ዮርዳኖስ 911። ጭንቅላትሽን ተመትተሽ ካስመለሰሽ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለሽ፣ «ይሻለኛል» ብለሽ አትተኚ፤ ሐኪም ቤት ሂጂ። ለሐኪሙ እንዴት እንደወደቅሽ እውነቱን ንገሪው፤ የሕክምና ወረቀትሽንም ፎቶ አንሥተሽ ያዢ።