የጫጩትን ጾታ በላባ ቀለም ስለ መለየት

በደቡብ ጎንደር ድርቅ ደጋግሞ በሚያጠቃቸው እንደ እብናት፣ ስማዳና ታች ጋይንት ባሉ ወረዳዎች፣ ጥሪቱን ያጣ ቤተሰብ መልሶ ሲቋቋም በግ ወይም በሬ ከመግዛቱ አስቀድሞ የሚይዘው ዶሮ ነው። ሆኖም ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ አውራ ናቸው። ለዕንቁላል ተብለው አሥር ጫጩቶች የተሰጡት አባወራ አምስቱን ያህል ያለ ዕንቁላል ይቀልባል፤ ይህንንም የሚያውቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። እህል ባነሰበት ቤት ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ነገሩ የታሰበበት ቀድሞውኑ በችግር ጊዜ ነው። እንግሊዛዊው የዘር ጥናት ሊቅ ፑኔት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ የማይፈለጉት አውራዎች ገና ጫጩት ሳሉ በቀለማቸው ተለይተው መኖ እንዲቆጠብ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በኋላም በካምብሪጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ጾታው በተፈለፈለበት ቀን በቀለም የሚለይና ይህንኑ ጠባይ ለልጅ ልጅ የሚያወርስ ዝርያ ከባልደረቦቹ ጋር አስገኘ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአእዋፍ ዘንድ የልጁን ጾታ የምትወስነው እናቲቱ ናት። አውራው ዜድ የሚባለውን የዘር ክር ሁለት ይይዛል፤ ሴቷ ግን አንድ ብቻ ነው ያላት። ላባን ጥቁርና ነጭ መስመር የሚያደርገው ዘር የሚገኘው በዚሁ ክር ላይ ስለሆነ፣ አውራው ሁለት እጥፍ ሲወርስ ሴቷ አንድ ትወርሳለች። ከዚህም የተነሣ የአውራው ጫጩት የአናት ነጭ ምልክት ሰፊና የተበታተነ ሲሆን፣ የሴቷ ትንሽና ጠባብ ነው።

በአገራችን ለዚህ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ኩኩክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም የተዳቀለው ይህ ዝርያ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ተራብቶ ለገበሬዎች ተሰራጭቷል። ባላገሩ ሲያየው ገብስማ ይለዋል፤ ነገር ግን ገብስማ ብዙ ዓይነት ድብልቅ ላባ የሚጠራበት ስም ስለሆነ፣ ገብስማ ዶሮ ሁሉ ይህ ምልክት አለው ማለት አይደለም።

ስሕተት የሚበዛው በማዳቀሉ ላይ ነው። የተሻሻለ አውራ አምጥቶ ከአገር ዶሮ ጋር መደባለቅ የቆየ ልማድ ነው። የኩኩክ አውራ መስመር ከሌላት የአገር ዶሮ ጋር ሲገናኝ ግን ወንዱም ሴቷም አንድ አንድ ይወርሳሉና ምልክቱ ይጠፋል። ተገላቢጦሹ ነው የሚሠራው፤ ቀይ የአገር አውራ ከኩኩክ ሴት ጋር ቢገናኝ፣ ወንዶቹ ልጆች አናታቸው ላይ ነጭ ምልክት ይዘው ሲወጡ ሴቶቹ ያለ ምልክት ይወጣሉ። ነጭ አውራ ለዚህ አይመረጥም፤ ነጭነቱ ሌላውን ቀለም ሊሸፍን ይችላልና። ይህም ቢሆን ለአንድ ትውልድ ብቻ ነው። ቡናማ ሴትና ነጣ ያለ ወንድ የምትፈለፍለው የቦቫንስ ብራውን ዝርያም እንዲሁ ናት፤ ከእርሷ ዕንቁላል ወስዶ ያስፈለፈለ ሰው ያንኑ ልዩነት መጠበቅ የለበትም።

የገበያው ፍላጎት ሌላው ጉዳይ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው ይፋግ፣ ወደዚያች የጥንት የገበያ ከተማ፣ ለበዓል ዶሮ ይዞ የሚወጣ ገበሬ ቀይ አውራ ቢኖረው ይመርጣል፤ ጥቁር ዶሮ ግን ገዢ ያጣል። ከላይ ከተገለጸው ድቅል የሚወጡት ሴቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሮች ናቸው። ለዕንቁላል የሚቀሩ ስለሆኑ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ ቢሆንም ለተቀባዩ ቀድሞ ካልተነገረው ጥቁር ቄቦቹን ወዲያው ይሸጣቸዋል፤ ሥራውም ከንቱ ይቀራል።

ቀለምን ብቻ እያዩ ዘር መምረጥ ደግሞ ከዚህ የከፋ ጥፋት ያስከትላል። መልኳ ያማረ፣ ነገር ግን ጥቂት የምትጥልና በሽታ የማትችል ዶሮ ለዘር አትቀርም። የአንድ እናት ልጆች እርስ በርስ እንዳይገናኙ አውራው ከሌላ መንደር ይመጣል። የፈንግል ክትባት ካልተሰጠም ምርጫው ሁሉ በአንድ ወረርሽኝ ያልቃል።

ጫጩት የሚረከብ የወረዳ ሠራተኛ፣ የአውራው ዝርያና የሴቷ ዝርያ ለየብቻ በርክክቡ ሰነድ ላይ መጻፋቸውን አስቀድሞ ያረጋግጥ። «የተሻሻለ ዝርያ» የሚለው ቃል ብቻውን፣ የአናቱ ምልክት ይታመን ወይስ አይታመን እንደሆነ አይናገርም።