መዥገር ከሜዳ ወደ ቤት እንዳይገባ ስለ መከላከል

በጅቡቲ ከተማ ከመኒሊክ አደባባይ በስተደቡብ ከሚገኙት አሮጌ ሰፈሮች አንዱ ካርቲየ 3 ነው። በዚህ ሰፈር ግቢው ጠባብ፣ ቤቱም የተጠጋጋ በመሆኑ ሰውና እንስሳ ተቀራርበው ይኖራሉ። ውሻ ግቢና መጋዘን ይጠብቃል፤ ድመት አይጥ ታድናለች፤ ፍየልም በየመንገዱ እየዞረች የተጣለውን ትለቃቅማለች። ሣርና ቁጥቋጦ በሌለበት ሰፈር መዥገር ከየት ይመጣል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መዥገር ለመኖር የግድ ሣር አያስፈልገውም። የሳንቃ ስንጥቅ፣ የቆርቆሮ መጋጠሚያና የግድግዳ ቀዳዳ ይበቃዋል። ስለዚህ እንስሳው ወደ ውጭ ወጥቶ ሲመለስ ይዟት የሚገባው አንዲት መዥገር ለቤተሰቡ ሁሉ መዘዝ ልታመጣ ትችላለች።

መዥገር የሸረሪትና የጊንጥ ዘመድ እንጂ እንደ ቁንጫ የነፍሳት ወገን አይደለም። ከእንቁላል ሲፈለፈል 6 እግሮች አሉት፤ ቆዳውን ለውጦ ከፍ ሲል ግን 8 ይሆናሉ። በከተማ ውሾች ላይ የሚበዛው ቡናማው የውሻ መዥገር ነው። ይህ መዥገር በእድገቱ ሦስት ጊዜ ደም ይመጣል፤ በየጊዜውም ከጠገበ በኋላ ከእንስሳው ላይ ወርዶ ይሸሸጋል። ሴቲቱ አንድ ሳምንት ያህል ደም ከመጠጠች በኋላ እንደ ጉሎ ፍሬ ታብጣለች፤ ከዚያም ወርዳ በስንጥቅ ውስጥ ከ1000 እስከ 4000 የሚደርስ እንቁላል ትጥልና ትሞታለች። ሙቀት ባለበት አገር እንቁላሉ አድጎ ሌላ እንቁላል ጣይ ለመሆን ከ2 እስከ 3 ወር ይበቃዋል። በግንቦት ወር ሳትታይ የገባችው የአንዲት መዥገር ዘር፣ ሰዎች ከሙቀት የተነሣ በግቢ ውስጥ በሚተኙበት በሐምሌና በነሐሴ ግድግዳውን ሊሞላው ይችላል ማለት ነው። ያደገ መዥገር ያለ ምግብ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ውሻውን ለጥቂት ጊዜ ከቤት በማራቅ ብቻ አይጠፋም።

የመዥገር ጉዳት ደም መምጠጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1893 ቴዎባልድ ስሚዝና ፍሬድሪክ ኪልቦርን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የከብት ትኩሳትን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያስተላልፈው መዥገር መሆኑን አረጋገጡ። በ1935 ደግሞ በአልጄሪያ የፓስተር ኢንስቲትዩት ዶናሲየንና ሌስቶካር ኤርሊኪያ የተባለውን የውሻ በሽታ አገኙ፤ የዚህም አስተላላፊ ይኸው ቡናማው መዥገር ነው። በሽታው የያዘው ውሻ ያተኩሰዋል፣ መብላት ይተዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ አንዳንድ ጊዜም ይነስረዋል። ይኸው መዥገር ሰውን ሲነክስ በ1910 በቱኒስ የታወቀውን ሽፍታ ያለበት ትኩሳት ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በተነከሰውም ስፍራ ብዙ ጊዜ ጥቁር ቁስል ይታያል።

ከሁሉ የከፋው በግመል፣ በከብትና በፍየል ላይ የሚገኘው ሂያሎማ የተባለው መዥገር የሚያስተላልፈው የክሪሚያ ኮንጎ ደም አፍሳሽ ትኩሳት ነው። ይህ በሽታ በክሪሚያ በ1944፣ በኮንጎም በ1956 ስለ ታወቀ የሁለቱን ስም ይዟል። እንስሳው የሕመም ምልክት ሳያሳይ ሰው ሊታመምና ሊሞት ይችላል። በሽታው በመዥገር ንክሻ ብቻ ሳይሆን፣ መዥገርን በጣት በማፍረጥና የታረደ እንስሳን ደም በባዶ እጅ በመንካትም ይተላለፋል። ስለዚህ ልጆች የፍየል መዥገር እየለቀሙ በጥፍር የማፍረጥ ልማድ እንዳይኖራቸው ወላጆች አጥብቀው መከልከል ይገባቸዋል።

እንስሳውን ከዚህ ጠንቅ ለመጠበቅ የሚከተለውን መፈጸም ያስፈልጋል።

1ኛ. ከመውጣት አስቀድሞ። እንስሳውን ወደ አምቡሊ ደረቅ ወንዝ ወይም ወደ አርታ ከፍተኛ ስፍራ ለመውሰድ ያሰበ ሰው መከላከያ መድኃኒቱን ከጥቂት ቀናት በፊት ይስጠው። ለውሻ በአንገት የሚታሰር መድኃኒትነት ያለው ቀበቶ፣ በጀርባ ቆዳ ላይ የሚንጠባጠብ ፈሳሽና የሚዋጥ ክኒን አለ። የሚጥል በሽታ ላለበት ውሻ አንዳንዱ ክኒን ስለማይስማማ አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ይገባል።

2ኛ. በመስክ ላይ። በሣር ላይ የሚኖረው መዥገር የፊት እግሩን አንሥቶ አላፊውን ይጠብቃል፤ ሂያሎማ ግን የእንስሳውን ትንፋሽና ሙቀት ተከትሎ በመሬት ላይ እየሮጠ ይመጣል። ስለዚህ ግመሎችና ፍየሎች በሚያርፉበት የግራር ጥላ ሥር ውሻን ማሰር ወይም ምንጣፍ ዘርግቶ መቀመጥ አይገባም። ፋንድያና በጠጥ የሌለበትን ንጹሕ ስፍራ መምረጥ ይሻላል።

3ኛ. ሲመለሱ። እንስሳው የቤቱን ደፍ ሳያልፍ በደጅ ይመርመር። በጣት ጠጉሩን ወደ ኋላ እየገለጡ ጆሮውን ከውስጥና ከውጭ፣ አንገቱን፣ ብብቱን፣ ብሽሽቱን፣ የጅራቱን ሥርና በእግር ጣቶቹ መካከል ያለውን ማየት ነው። በፍየል ላይ ጡቷም ይመርመር። የኤርሊኪያ ተሕዋስ መዥገሩ ከተጣበቀ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሊተላለፍ ስለሚችል ምርመራውን ለነገ ማሳደር አይገባም።

4ኛ. ስለ መንቀል። መዥገሩን ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ፣ በአፉ በኩል ይዞ፣ ሳያጣምሙና ሳይነጥቁ ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። እጅን በጓንት ወይም በፕላስቲክ ከረጢት መሸፈን መልካም ነው። የተነቀለውን አልኮል ባለበት ዕቃ ውስጥ ጨምሮ መክደን፣ ከዚያም ንክሻውንና እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። በክብሪት ማቃጠል፣ ቅቤ መቀባት ወይም ነጭ ጋዝ ማፍሰስ መዥገሩን አስቆጥቶ ምራቁን ወደ ቁስሉ እንዲያስገባ ሊያደርገው ይችላል፤ የእንስሳውንም ቆዳ ይጎዳል።

5ኛ. ስለ ቤት። ቡናማው መዥገር ወደ ላይ መውጣት ስለሚወድ መኝታውን ብቻ ሳይሆን የግድግዳውን የላይኛውን ክፍልና የጣሪያውን ጠርዝ መፈተሽ ይገባል። የእንስሳው ምንጣፍ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ ስንጥቁም በሲሚንቶ ወይም በስቱኮ ይደፈን። በቤት ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት በመመሪያው መሠረት ይረጭ፤ እስኪደርቅም ልጆችና እንስሳት ይራቁ። እንቁላሉ ቆይቶ ስለሚፈለፈል አንድ ጊዜ ረጭቶ መተው አይበቃም። የአንዱ ግቢ ግድግዳ የሌላውም ግድግዳ በሆነበት ሰፈር ጎረቤቶች ተስማምተው በአንድ ሰሞን ቢሠሩ ድካማቸው ፍሬ ይኖረዋል።

6ኛ. ስለ ድመት ጥንቃቄ። ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ለድመት ፈጽሞ አይሰጥም። የድመት ጉበት ይህን ቅመም እንደ ውሻ ጉበት መፍታት ስለማይችል ድመቲቱ ትንቀጠቀጣለች፣ ልትሞትም ትችላለች። በዚህ መድኃኒት የተቀባ ውሻም እስኪደርቅ ድረስ ድመት አጠገቡ እንድትተኛ ወይም እንድትልሰው መፍቀድ አይገባም። እንዲሁም ለከብትና ለበግ የሚረጨውን መድኃኒት በግምት አቅጥኖ ውሻንና ድመትን ማጠብ መርዝ ማጠጣት ያህል ነው።

ከሽርሽር ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውሻው ቢያተኩሰው፣ ቢደክመው ወይም ሽንቱ ቢጠቁር ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ። ሰውም ቢያተኩሰው፣ ራሱን ቢያመውና ሽፍታ ቢወጣበት ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ መዥገር ነክሶት እንደ ነበረ ወይም ከእንስሳ ላይ እንደ ነቀለ ሳይደብቅ ይናገር። ሽፍታ ያለበትም ትኩሳት ሆነ የውሻው ኤርሊኪያ በጊዜው ከታወቀ በዶክሲሳይክሊን የሚድን ነው፤ ዘግይቶ ከሆነ ግን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በደጅ ቆሞ ጥቂት ደቂቃ ጠጉር መግለጥ ለማንም የማይከብድ ሥራ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር መዥገር ከግድግዳ ውስጥ ለማውጣት ግን ብዙ ወራትና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ውሻው ሌሊቱን ሲጠብቅ ለሚያድረው ጌታው ይህች ትንሽ ጥንቃቄ የሚገባ ዋጋ ናት፤ በዚያው ግቢ ለሚተኙት ልጆችም ጥበቃ ትሆናለች።