ከአሥራ ሰባቱ ዕቅድሽ በፊት

ልጄ፣ ለሰማይ ፎቶ መደራረቢያ ፕሮግራምሽ ያሰብሻቸውን አሥራ ሰባት ማሻሻያዎች አትመሽ ስለላክሽልኝ እግዜር ይስጥሽ፤ ስክሪን ላይ ማንበብ ዓይኔን አድክሞታል። መነጽሬን ሰክቼ ሁለቴ አየሁት። ከአሥራ ሰባቱ ዘጠኙ ስለ መልክ ናቸው፦ ጥቁር ገጽ፣ ክብ ቁልፍ፣ ተንሸራታች ማውጫ። ቅር ካላለሽ ቅደም ተከተሉን ላዛባብሽ ነው።

1. መብራት ሲሄድ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሆን አስቢ። አንድ ሌሊት ብርድ ሲገርፈኝ አድሬ 200 ፎቶ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ያኔ የምደራርብበት ፕሮግራም 180ኛው ላይ ሲደርስ መብራት ድርግም አለ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። መብራቱ ሲመጣ ያ ፕሮግራም ምንም እንዳልሠራ ሰው ከ1 ጀመረ። ጸሐፊዎቹ መብራት በማይጠፋበት አገር ስለሚኖሩ አልፈርድባቸውም። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ፤ የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው።

አማካይ ብቻ ከሆነ የምትሠሪው ነገሩ ቀላል ነው፦ በየ20 ፎቶው እስካሁን የተደመረውንና የፎቶውን ብዛት ዲስክ ላይ ጻፊ፣ ሲነሣ ከዚያ ይቀጥል። ሚዲያን ስትፈልጊ ነው ጣጣው፤ እሱ ሁሉንም ፎቶ አንድ ላይ ማየት ይሻል። ባለ 24 ሚሊዮን ፒክስል የቀለም ፎቶ በ32 ቢት ሲዘረጋ 288 ሜጋባይት ይሆናል፤ 200ው ከ57 ጊጋባይት ያልፋል። ይህን የሚችል ራም ማን ቤት ነው ያለው? ስለዚህ ምስሉን በአግድም እየቆራረጥሽ ሥሪ፤ ከየፎቶው ያንኑ ቁራጭ ብቻ አንብቢ፣ ያለቀውን አስቀምጪ። ራሙም ይተርፍሻል፣ መብራቱም ቢሄድ የሚጠፋው አንድ ቁራጭ ነው።

2. ጥሬውን ፋይል አትንኪ። የሚሠራው ሁሉ ቅጂ ላይ ይሠራ። በዚህ ላይ አልከራከርም።

3. የፊትስን ራስጌ አክብሪ። ይህ የፋይል ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥነ ፈለክ ሰዎች የቀረበ ነው፤ እያንዳንዱ የራስጌ መስመር 80 ፊደል የሆነው ከተበሳ ካርድ ዘመን ስለመጣ ነው። ያረጀ ቢመስልሽም በውስጡ ትልቅ ወጥመድ አለ። አንዱ ፕሮግራም ምስሉን ከላይ ወደ ታች ይጽፋል፣ ሌላው ከታች ወደ ላይ። የቀለም ካሜራ ደግሞ በየፒክስሉ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያ ያፈራርቃል፤ ረድፎቹ ከተገለበጡ ተራው ይፋለስና ቀዩ የኦሪዮን ኔቡላ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። እኔ ሳምንት ሙሉ ካሜራውን ስረግም ነበር። ሮውኦርደር የሚባለውን ቃል ራስጌው ውስጥ ፈልጊ፤ ከሌለ በግምት አትለፊ፣ ተጠቃሚውን ጠይቂው።

4. ስታርሊንክ እ.ኤ.አ. በ2019 መምጠቅ ከጀመረ ወዲህ የሳተላይት ጭረት የሌለበት ሌሊት ብርቅ ሆኗል። ከሌሎቹ ፎቶዎች እጅግ የራቀውን ፒክስል መጣል ታውቂያለሽ። የተጣለውንም ለብቻው በሥዕል አሳዪን፤ ከጭረቱ ጋር ኮከብም ተጥሎ እንደሆነ እንይ።

5. አሥራ አንደኛው ዕቅድሽ፣ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዝርዝር መጨመር የምትዪው፣ እንቅልፍ ነሳኝ። «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ሁሉም ያለው ነገር ነው» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። 100 ፎቶ ስትደራርቢ ኖይዙ ከምልክቱ አንጻር በ10 እጅ ይቀንሳል፤ በ20 እጅ እንዲቀንስ 400 ያስፈልግሻል። መንገዱ ረጅም ነው፣ ግን የሚገኘው ሁሉ ከሰማይ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 ሀብል በአሥር ቀን ውስጥ አንዲት ጠባብ የሰማይ ቁራጭ ላይ 342 ፎቶ አነሣ። ቴሌስኮፑ በመሐሉ ጥቂት ጥቂት እየተዛወረ ስለነበር፣ ድሪዝል የተባለው ስልት ከፒክስሉ ያነሰውን ዝርዝር ከዚያ መዛወር ለቀመው። ያንቺው ማሽን ግን ዝርዝሩን የሚያመጣው ከተማረባቸው የሌሎች ሰዎች ፎቶዎች ነው። ለግድግዳ ጌጥ ይሁን፤ ብርሃኑን ለሚለካ ሰው ግን ውሸት ነው። መተዉ ካልሆነልሽ ራሱን የቻለ ቁልፍ አድርጊው፣ ሲነካም ራስጌው ላይ ሂስትሪ በሚለው መስመር ይመዝገብ።

6. ጥቁሩን ገጽ ግን አትሰርዢው። ፊደሉን ቀይ አድርጊበት። ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ግድም ይፈጅበታል፤ አንድ ነጭ መስኮት ብልጭ ካለ ልፋቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። ክብ ቁልፎቹን እንደ ወደድሽ።

ቅዳሜ ስትመጪ የላፕቶፕሽን ባትሪ አውጥተሽ፣ 50 ፎቶም ይዘሽ ነይ። ቡና እየጠጣን ፕሮግራሙን እናስኬደዋለን፤ መሐል ላይ፣ ሳልነግርሽ፣ ሶኬቱን እነቅለዋለሁ።